ኔጋቲቭ ግፊቱ ከየት መጣ? ስለ ውሃ መስመር ካርታ፣ ሞዴልና የሶፍትዌር ግዢ

ጥያቄው፦ «በአንድ መካከለኛ ከተማ የውሃ አገልግሎት መሐንዲስ ነኝ። የመስመራችን ንድፍ በኦቶካድ፣ የደንበኞች ዝርዝር በኤክሴል ነው ያለው። ውሃ የምናከፋፍለው በፈረቃ ነው። በኤፓኔት (የውሃ መስመርን ግፊትና ፍሰት በሚያሰላው ነጻ ሶፍትዌር) ሞዴል ሠርቼ ሳስኬደው ከፍ ባሉት ሰፈሮች ግፊቱ እስከ ኔጋቲቭ 38 ሜትር ይወርዳል። አለቆቼ ‹ነጻ ሶፍትዌር ስለሆነ ነው› ብለው ዋተርጄምስ የሚባለውን ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ ሶፍትዌር ለመግዛት እያሰቡ ነው። ብንገዛ ችግሩ ይፈታል? ካርታውንና ስሌቱን አንድ ላይ ለመያዝስ የትኛው ይሻላል?»

አይፈታም። ያንኑ መረጃ ዋተርጄምስ ውስጥ ቢያስገቡት ያው ኔጋቲቭ 38 ነው የሚመጣው። ሁለቱም የሚያሰሉት በአንድ ሕግ ነው። ወደ አንድ መጋጠሚያ የገባው ውሃ ከዚያ ከሚወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። ውሃው በቧንቧ ሲጓዝ የሚያጣው ጉልበት ደግሞ በቧንቧው ስፋት፣ ርዝመትና ሸካራነት ይወሰናል። ይህ ሕግ በገንዘብ አይለወጥም።

«ነጻ ስለሆነ ነው» የሚለውን ደግሞ ለአለቆችዎ ያርሙላቸው። ኤፓኔትን የሠራው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ፤ ሁለተኛው በ2000። ነጻ የሆነው የመንግሥት ሥራ ስለሆነ ነው። በገበያ ከሚሸጡት መካከል ብዙዎቹ በዚሁ የስሌት ሞተር ላይ የተገነቡ ናቸው። ዋተርጄምስም ጥሩ ሶፍትዌር ነው፤ አላጣጥለውም። ብዙ አማራጮችን ጎን ለጎን ይይዛል፣ የደንበኞችን ፍጆታ ለየመጋጠሚያው ያከፋፍላል፣ በኦቶካድም፣ አርክጂአይኤስ በሚባለው የሚሸጥ የካርታ ሶፍትዌርም ውስጥ ሆኖ ይሠራል። ይህ ሁሉ ሥራ ያፋጥናል። የሌለ መረጃ ግን አይፈጥርም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ግፊት በሜትር ሲነገር ውሃውን ስንት ሜትር ወደ ላይ ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። ኔጋቲቭ 38 ሜትር የሚባል ግፊት በተፈጥሮ የለም። ቧንቧ ውስጥ ግፊት ከዜሮ በታች ሊወርድ የሚችለው በአካባቢው የአየር ግፊት ልክ ብቻ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ 10 ሜትር ውሃ ገደማ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ከተማ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያንን ቁጥር እንደ ግፊት አያንብቡት። ሞዴሉ እያለዎት ያለው ይህን ነው፦ «ለዚህ ሰፈር ይህን ያህል ሊትር የግድ አድርስ ብለኸኛል። ለማድረስ ቢያንስ 38 ሜትር ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልገኛል።»

ምክንያቱ ኤፓኔት በተለመደው አሠራሩ ፍጆታን እንደ ትእዛዝ ስለሚቀበል ነው። በአንድ መጋጠሚያ ላይ 2 ሊትር በሰከንድ ብለው ከጻፉ፣ ግፊት ኖረም አልኖረም 2 ሊትር ይወጣል ብሎ ያሰላል። እውነተኛ ቧንቧ እንዲህ አይደለም። ግፊት ሲያንስ ውሃው ይቀጥናል፤ ሲጠፋ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኤፓኔት 2.2 ይህን የሚያስተካክል አማራጭ አለው። በሃይድሮሊክስ አማራጮች ውስጥ የፍጆታ ሞዴሉን ከዲዲኤ (ፍጆታን እንደ ትእዛዝ ከሚወስደው) ወደ ፒዲኤ (ፍጆታን በግፊቱ ልክ ወደሚያሰላው) ይቀይሩ። ዝቅተኛውን ግፊት 0፣ የሚፈለገውን ለምሳሌ 16 ሜትር፣ ኤክስፖነንቱን 0.5 ያድርጉ። በዚህ ስሌት 4 ሜትር ግፊት ብቻ ያለው ቤት ከሚፈልገው ውሃ ግማሹን ያገኛል። ውጤቱ «ግፊቱ ስንት ነው?» ከሚለው አልፎ «ይህ ሰፈር ከድርሻው ስንት እጁን አገኘ?» የሚለውን ይመልሳል። ለእርስዎ ከተማ የሚጠቅመው ይህኛው ጥያቄ ነው።

ግን ዛሬውኑ ወደ ፒዲኤ አይዝለሉ። ፒዲኤ የመረጃ ስህተትን አሳምሮ ይሸፍናል። ኔጋቲቩ ይጠፋል፣ ስህተቱ ይቀራል።

መጀመሪያ አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። የፍጆታ ማባዣውን ወደ 0.001 ያውርዱና ሞዴሉን ያስኪዱት። ውሃው የቆመ ያህል ይሆናል። ቧንቧ ውስጥ የሚጠፋ ጉልበት ስለማይኖር የሚቀረው በማጠራቀሚያውና በሰፈሩ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜም ግፊቱ ኔጋቲቭ ከሆነ ነገሩ የቧንቧ ስፋት አይደለም። ወይ ከፍታው ተሳስቷል፣ ወይ ያ ሰፈር በእርግጥ ከማጠራቀሚያው በላይ ነው። በእርግጥ በላይ ከሆነ የትኛውም ሶፍትዌር ውሃ አያወጣለትም። ማጠናከሪያ ፓምፕ ወይም የራሱ ማጠራቀሚያ ያለው የተለየ የግፊት ቀጠና ያስፈልገዋል። ውሃው ቆሞ ግፊቱ ጥሩ ሆኖ ፍጆታው ሲመለስ የሚወርድ ከሆነ ግን ችግሩ ከቧንቧው፣ ከቫልቩ ወይም ካስገቡት የፍጆታ ቁጥር ነው።

ከፍታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ አገር ብዙ ሞዴል የሚበላሸው እዚህ ነው። የ10 ሜትር የከፍታ ስህተት ማለት የአንድ ባር ስህተት ማለት ነው። በእጅ በሚያዝ ጂፒኤስ ወይም በስልክ የተወሰደ ከፍታ 10 ሜትር ቢሳሳት የሚገርም አይደለም። በሳተላይት ከተሠራውና በነጻ ከሚወርደው የ30 ሜትር የከፍታ ካርታ የተወሰደውም ተዳፋት ቦታ ላይ በብዙ ሜትር ይስታል። ለመጀመሪያ እይታ ይበቃል፤ ለውሳኔ አይበቃም። ማጠራቀሚያዎቹን፣ የፓምፕ ጣቢያዎቹን፣ የግፊት መቀነሻ ቫልቮቹን፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሰፈሮቹን በቀያሽ መሣሪያ ያስለኩ። ሁሉም ከአንድ መነሻ ይለኩ። አንዱን ከሳተላይት ካርታ፣ ሌላውን ከድሮ ንድፍ፣ ሦስተኛውን ከስልክ መቀላቀል ከሁሉ የከፋው ነው።

የካርታው መነሻም፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት ሥርዓት፣ ሌላ ወጥመድ አለው። የድሮ ንድፎቻችን ብዙዎቹ በአዲንዳን መነሻ የተሠሩ ናቸው። አዲሱ የጂፒኤስ መረጃ ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። የሁለቱ ልዩነት በእኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ነው። ቁጥሮቹ ስለሚቀራረቡ ዓይን አይጠረጥራቸውም። መስመሩ ግን ከመንገዱ ወጥቶ በሌላ ሰፈር በኩል ሲያልፍ ያዩታል። የዚያን ጊዜ መስመሩን በእጅ ጎትተው አያስተካክሉት። ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነጻ የካርታ ሶፍትዌር ውስጥ ንድፉ በምን መነሻ እንደተሠራ በትክክል ይንገሩትና እሱው ይቀይረው። ዩቲኤም የሚባለው የካርታ ሥርዓት ምድርን በዞን ይከፋፍላል፤ መካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በዞን 37 ነው የሚወድቀው። ጋምቤላና አሶሳ ዞን 36፣ ጅግጅጋ ዞን 38 መሆናቸውን ግን አይርሱ።

ቀጥሎ የቧንቧ ስፋት። ኤችዲፒኢ በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ የተጻፈው 110 የውጭ ስፋቱ ነው። ኤፓኔት የሚፈልገው የውስጡን ነው። ፒኢ 100 ከሚባለው ዓይነት 110 ሚሊ ሜትር ፒኤን 16 (እስከ 16 ባር ግፊት የሚችል) ቧንቧ ግድግዳው 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውስጡ 90 ብቻ ይቀራል። 110 ብለው ካስገቡ ሞዴሉ የጉልበት ብክነቱን ከእውነተኛው ከግማሽ በታች አሳንሶ ያሳየዎታል። ስፋቱ ሲጠብ ብክነቱ በጣም በፍጥነት ያድጋል፤ በሒሳብ አነጋገር ከስፋቱ 4.87ኛ ፓወር ጋር በተቃራኒው ይለዋወጣል። አንድ 150 ሚሊ ሜትር ነው የተባለ መስመር ተቆፍሮ 100 ቢገኝ ለዚያው የውሃ መጠን ብክነቱ ሰባት እጥፍ ነው። ስለዚህ በሞዴሉ የሚገባው የሸካራነት ቁጥር (ሲያንስ ቧንቧው ሸካራ ነው ማለት ነው) 130 ይሁን 140 እያሉ ቀን ከማጥፋት፣ ጥርጣሬ ያለበትን መስመር ቆፍሮ በካሊፐር መለካት ይበልጣል።

የኦቶካድ ንድፉን በተመለከተ ደግሞ፣ ንድፍ ኔትወርክ አይደለም። ሠዓሊው ሁለት መስመር ሲያቋርጥ ዓይናችን ተገናኝተዋል ይላል። ሶፍትዌሩ ግን መጋጠሚያ ካልተሠራ እንዳልተገናኙ ያያል። በሌላ ቦታ ደግሞ የሁለት ቧንቧ ጫፍ በ20 ሴንቲ ሜትር ተለያይቶ ይቀራል። በወረቀት አይታይም፤ በስሌት ግን አንድ ሰፈር ሙሉ ውሃ ያጣል። ንድፉን ወደ ኪውጂአይኤስ ካስገቡ በኋላ ጫፎችን የሚያጣብቀውን መሣሪያ ይጠቀሙ። ከዚያ በኋላም መስመሮቹ በትክክል መገናኘታቸውን የሚያየውን ቶፖሎጂ መፈተሻ ያስኪዱ። ኤፓኔት «ስህተት 233» ካለዎት ያልተገናኘ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው። «ስህተት 110» ካለ ስሌቱ ሊፈታ አልቻለም፤ ብዙ ጊዜ ከምንጭ የተቆረጠ ክፍል ይኖራል።

አንድ ነገር ደግሞ በአጭሩ፦ ኤፓኔት ሲከፈት የውሃ መጠን የሚለካው በአሜሪካ ጋሎን በደቂቃ ነው። ሥራ ሳይጀምሩ ወደ ኤልፒኤስ (ሊትር በሰከንድ) ይቀይሩት። በኋላ ቢቀይሩት የገቡትን ቁጥሮች አይለውጥልዎትም።

ስለ ፍጆታ። የኤክሴል ዝርዝርዎ ከምታስቡት በላይ ሀብት ነው። የአብዛኛው ከተማ ስህተት ፍጆታን ከሕዝብ ብዛት ተነስቶ ማስላት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች በነፍስ ወከፍ በቀን 80 ሊትር፣ ከ50 እስከ 100 ሺህ ላላቸው 60 ሊትር ተብሎ ነበር። ይህ ግብ ነው። ሰው ዛሬ የሚያገኘው ውሃ ልኬት አይደለም። እርስዎ ምናልባት ከተማው በትክክል ከሚያገኘው በላይ ፍጆታ አስገብተው ሊሆን ይችላል፤ ኔጋቲቩ በከፊል ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ለዛሬው ሞዴል የቆጣሪ ንባብ ይጠቀሙ። ግቡን ለወደፊቱ ዕቅድ ያቆዩት።

ንባቡን ከካርታው ጋር ለማገናኘት ትልቅ ፕሮጀክት አያስፈልግም። ቆጣሪ አንባቢዎቹ በየወሩ እያንዳንዱ ቤት በር ላይ ይቆማሉ። ስልካቸው ላይ ኪውፊልድ ይጫንላቸው። የኪውጂአይኤስ የመስክ መተግበሪያ ነው፤ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ሲያነቡ የደንበኛውን ቁጥርና ቦታውን አብረው ይመዝግቡ። በሁለት ሦስት ዙር የከተማው ቆጣሪ ሁሉ ካርታ ላይ ይቀመጣል። አደራ፣ የደንበኛ ቁጥሩ ኤክሴሉ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን። ቦኖዎችን፣ ሆቴሎችን፣ ትምህርት ቤቶችንና የመኪና ማጠቢያዎችን ለየብቻ ይያዙ፤ የሰዓት ባህርያቸው ከመኖሪያ ቤት ይለያል። የተመረተው ውሃና ሂሳብ የተጠየቀበት ውሃ ልዩነት ደግሞ አይጣል። ብክነት ነው፤ ውሃው በቧንቧው አልፎ ነው የሄደው። ሞዴሉ ውስጥ ካላስገቡት ዋና መስመሮቹ ከእውነታው ያነሰ ውሃ ይሸከማሉ።

አሁን ወደ ፈረቃው፤ እውነተኛው የሞዴሊንግ ችግርዎ እዚህ ላይ ነው። ኤፓኔት ቧንቧ ሁልጊዜ ሙሉ ነው ብሎ ይነሳል። የእናንተ ቧንቧ ግን ፈረቃው ሲያልፍ ይፈሳል፣ አየር ይገባበታል፣ ሲመለስ እንደገና ይሞላል። ያ የመሙላት ጊዜ በዚህ ስሌት አይታይም። ሰውም በፈረቃ ሲኖር እንደ ልማዱ አይቀዳም። ውሃ ስትመጣ ሁሉም ሮቶውን ይሞላል፣ በርሜልና ጀሪካን ይደረድራል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ከፍ የሚል የተለመደ የፍጆታ መስመር እናንተ ጋ አይሠራም። ፍጆታው የሚወሰነው በግፊቱ ነው። ዝቅ ያለው ሰፈር በሁለት ሰዓት ሮቶውን ሞልቶ ይጨርሳል፣ ላይኛው ሰፈር ገና ጠብታ እየጠበቀ ነው።

ለዚህ የሚሻለው አሠራር ይህ ነው። እያንዳንዱን የፈረቃ ቡድን እንደ ራሱ ሞዴል ያስኪዱ፤ የሚከፈቱትንና የሚዘጉትን ቫልቮች እንደ ትክክለኛው የሥራ መርሐ ግብር ያስገቡ። ፒዲኤ ያብሩ። የፍጆታውን መጠን የሳምንቱ ፍጆታ በፈረቃው ሰዓታት ላይ ተጨምቆ እንዲወጣ አድርገው ያስሉ። አንድ ቤተሰብ የሦስት ቀኑን ውሃ በስድስት ሰዓት ውስጥ የሚቀዳ ከሆነ በዚያ ሰዓት ያለው ፍሰት ከ24 ሰዓት አማካዩ አሥራ ሁለት እጥፍ ነው። ቧንቧው ለዚያ አልተሠራም። ከፍ ያሉት ሰፈሮች ውሃ የማያገኙበት ትልቁ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አዲስ ቧንቧ ከመዘርጋት በፊት ፈረቃውን በከፍታ መከፋፈል፣ ማለትም ላይኛውንና ታችኛውን ሰፈር በአንድ ሰዓት አለመክፈት፣ ያለ ብዙ ወጪ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ሞዴሉ ይህን በደንብ ያሳይዎታል።

ውሃው ከመጣ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ውጤት ላይ ግን አይተማመኑ። በባዶ ቧንቧ ላይ ቆሻሻ ውሃ በስንጥቅ ሊሳብ እንደሚችልም ሞዴሉ አይነግርዎትም፤ ለዚያ የክሎሪን ናሙና በየሰፈሩ መውሰድ አለባችሁ። ፓምፕ በድንገት ሲቆም የሚፈጠረውን የግፊት ምትም ኤፓኔት አያሰላም። ለረጅም የግፊት መስመር ያ የተለየ ጥናትና የተለየ ሶፍትዌር ይፈልጋል።

ሞዴሉ ከመስክ ልኬት ጋር ካልተነጻጸረ የተቀባ ሥዕል ነው። አንድ ከተማ ላይ ሞዴላችን 35 ሜትር ግፊት ያሳያል፤ ቧንቧው ላይ የገጠምነው መለኪያ 6 ሜትር። ሁለት ቀን ሸካራነቱን ስናስተካክል ቆየን። ቁጥሩን ወደማይታመን ደረጃ ብናወርደውም አልገጠመም። በሦስተኛው ቀን አንድ የቆዩ የጥገና ሠራተኛ «እዚህ ጋ አስፋልቱ ከመሠራቱ በፊት ቫልቭ ነበር» አሉን። ተቆፈረ። ቫልቩ አለ፤ አብዛኛው ተዘግቷል። ማንም አያውቀውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የምቀመጠው ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር ነው፤ ካርታውን አትሜ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ፣ እስክሪብቶ እሰጣቸዋለሁ። እርስዎም ያድርጉት። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ያድርጉት።

የትኛው ይሻላል ላሉት መልሴ ግልጽ ነው። ዘንድሮ ፈቃድ አትግዙ። ካርታው በኪውጂአይኤስ፣ ስሌቱ በኤፓኔት 2.2 ይሁን። ሁለቱን ለማገናኘት ኪውጂአይኤስሬድ የሚባለውን ፕለጊን (ኪውጂአይኤስ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ይጠቀሙ። በስፔን የቫሌንሲያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፤ ቧንቧውን ካርታው ላይ እየሳሉ ሞዴሉን እዚያው ያስኬዳሉ። ለዚሁ ሥራ ጂስዋተር የሚባልም አለ፤ እሱ ግን ፖስትግሬስ የሚባለውን የመረጃ ቋት የሚያስተዳድር ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ባለሙያ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ከሌለ አትጀምሩት። አርክጂአይኤስ ቀድሞ ካላችሁ ካርታውን በእሱ መቀጠል ይቻላል፤ ለዚህ ሥራ ተብሎ ግን አይገዛም።

ለፈቃዱ የታሰበው ገንዘብ የግፊት መመዝገቢያ መሣሪያዎች ይግዛበት። ስድስት ስምንት ይበቃል፤ በየሳምንቱ ቦታ ይቀይራሉ። የማጠራቀሚያ መውጫ ቆጣሪዎች ካልሠሩ ይጠገኑበት። ቀያሽ ይቀጠርበት። ዋተርጄምስ ትርጉም የሚኖረው ካርታው ሲያልቅ፣ ሞዴሉን በየቀኑ የሚጠቀም ቢያንስ ሁለት ሰው ያለው ክፍል ሲቋቋም ነው። የዚያን ጊዜ የኤፓኔት ፋይሉን በቀጥታ ይቀበላል፤ የሠሩት አይጠፋም። አማካሪ ድርጅት ቀጥራችሁ ሥራው በዋተርጄምስ የሚሠራ ከሆነም ውሉ ውስጥ አስገቡት፦ ሞዴሉ በኤፓኔት ፋይልም ይረከባል፣ የካርታው ሌየሮችም ይሰጡናል ብላችሁ። ሲዲ ላይ ተቀምጦ ማንም የማይከፍተው ሞዴል በየቢሮው ስንት አለ!

አጀማመሩ ደግሞ በከተማው ሁሉ አይሁን። በአንድ ማጠራቀሚያ ሥር ያለ አንድ ቀጠና ይምረጡ፤ ቢቻል ኔጋቲቩ የታየበትን። ማጠራቀሚያውንና ከፍተኛ ቦታዎቹን ያስለኩ፣ የቧንቧውን የውስጥ ስፋት ያርሙ፣ ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር ቫልቭ በቫልቭ ይሂዱ፣ ሦስት አራት ቦታ ግፊት ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። ልኬቱና ሞዴሉ በአብዛኛው ቦታ በ3 ሜትር ውስጥ ሲገጥሙ ወደሚቀጥለው ቀጠና ይለፉ፤ ሳይገጥሙ ግን አይለፉ።